መልስ፦ የካፌው ሒሳብ ማታ ማታ ለሚጎድልብህ

ብሩን የምትወስደው አስተናጋጇ ናት ብለህ አታባርራት፣ ከደሞዟም አትቁረጥ። ጅማ ሂርማታ ጋ ያለው ካፌህ ውስጥ የብር መሳቢያውን ሦስት ሰው የሚከፍተው ከሆነ ማን እንደወሰደ ማወቅ አትችልም። መጀመሪያ ብሩ በየት በኩል እንደሚወጣ ለይ።

1. ያለ ቦኖ (የትእዛዝ ወረቀት) አንድ ማኪያቶ አይውጣ። ማሽን ላይ ያለው ልጅ ቦኖውን እንደተቀበለ ይቅደደው፤ ሳይቀደድ የተቀመጠ ቦኖ ተመልሶ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው እዚህ ነው።

2. መሳቢያውን በአንድ ፈረቃ አንድ ሰው ብቻ ይያዝ። ፈረቃ ሲቀየር ሁለቱም ባሉበት ይቆጠርና ይፈራረሙ።

3. ቴሌብር በካፌው ቁጥር ብቻ ይከፈል። ቁጥሩን ጠረጴዛው ላይ ለጥፈው፣ አለበለዚያ ወደ አስተናጋጅ ስልክ ይገባል።

ስለ መቁረጡ ግን ተጠንቀቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሌላ ሕጋዊ መሠረት ከሌለህ መቁረጥ አትችልም፣ ቢኖርህም ከወር ደሞዙ ከሲሶ አይበልጥም። ድሮ የሠራሁበት ቤት ጉድለቱን ለሁላችንም እኩል ያካፍለን ነበር። ሐቀኛዋ ልጅ ወዲያው ለቀቀች፤ የቀሩት ደግሞ «ለማንኛውም ይቆረጥብናል» እያሉ ብሩን መንካት ጀመሩ። አስተናጋጆችህ ደሞዛቸው ከቤት ኪራይ የማያልፍ ልጆች ናቸው፣ ቢያንስ የደሞዝ ቀኑ ሳያልፍ ክፈላቸው።