ልጄ ቦርሳ ውስጥ ቀለሃ ተገኘ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ክረምት መንዝ አጎቱ ጋ ሄዶ ዒላማ ሲተኩስ ከርሟል፣ እኔ የሰማሁት አሁን ነው! ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ሲፈትሽ ቦርሳው ውስጥ ሁለት ቀለሃ አገኘ፣ ተጠራን። ባለቤቴ ደሞ "እኔም የአባቴን ምንሽር የያዝኩት በ10 ዓመቴ ነው፣ መሳሪያ የለመደ ልጅ አይጫወትበትም፣ ለክረምትም ይሄዳል" አለኝ። እቤት ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለው፣ ቁምሳጥን ውስጥ ልብስ ስር ነው የሚያስቀምጠው። ተኳርፈናል፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባዶ ቀለሃ ማንንም አይጎዳም፣ ልጁም ለጓደኞቹ ሊያሳይ ይመስለኛል የወሰደው፣ እንደ ወንጀለኛ አትዩት። ትምህርት ቤቱ ግን መጥራቱ ልክ ነው። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ የደነገጥኩት ቁምሳጥኑ ጋ ስደርስ ነው።

ባለቤትሽ የሚለው ገጠር አባቱ ስር ሆኖ ላደገ ሰው እውነት አለው፣ አልክድም። ግን አሜሪካ ሚሺጋን እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የ15 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አራት ተማሪ ገደለ፣ ሽጉጡን አባቱ ነው ከአራት ቀን በፊት የገዛው፣ እናቱ ደሞ ተኩስ መለማመጃ ወስዳዋለች፣ ማለትም ልጁ ለምዷል እኮ! የዛን ቀን ጠዋት ሽጉጥና ደም ስሎ ተገኝቶ ሁለቱም ተጠርተው ነበር፣ ልጁን ክፍል ትተውት ሄዱ። በ2024 እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። ልጅሽ እንደዛ ነው እያልኩ አይደለም፣ ማስለመድ ብቻውን ምንም እንዳልጠበቀ ባለቤትሽ እንዲያይ ነው።

ስለዚ ዛሬ ማታ ኩርፊያውን ተዪና ስለ ቁልፍ አውሩ። ሽጉጡ ጥይቱ ወጥቶ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፍ፣ ቁልፉ አባትየው ኪስ ይሁን። በጦር መሳሪያ አዋጁ (1177/2012) ፈቃዱ የሱ የግሉ ነው፣ የቤተሰቡ አይደለም። መንዝ መሄዱን አትከልክዪው፣ ዘመዱን ይወቅ፣ ተኩሱ ግን ይቅር፣ ይሄንን ለአጎትየው ደውሎ መንገር ያለበት ባለቤትሽ ነው፣ አንቺ ብትነግሪው የሴት ፍርሃት ነው ይሉታል።

ከዛ ልጁን አስቀምጣችሁ ጠይቁት፣ ቀለሃውን ለማን ሊያሳይ ነበር፣ ክፍል ውስጥ የሚያስፈራራው ልጅ አለ ወይ? አባቱም አጠገቡ ይቀመጥ፣ ሳይቆጣ።