ክረምት ሳይገባ፦ ግንባታና ጎርፍ ላይ ጥያቄና መልስ

የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶች፣ ጥያቄዎቻችሁ ደርሰውኛል። የሠራሁት ጎርፍ ማስወገጃ ላይ ነው፤ እሱን በሰፊው እመልሳለሁ። ስለ ሊዝና ስለ ካርታ ግን የሕግ ሰው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ቦታዬ መኖሪያ ነው። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቤት መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ መኖሪያ ስለተባለ ብቻ ሱቅ ክልክል ነው ማለት አይደለም። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለ10 ዓመት የተዘጋጀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የትኛው ቦታ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ዕቅድ፣ ቅይጥ መኖሪያ የሚባል ምድብ አለው። ያንተ ቦታ ምን ላይ እንዳረፈና ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ ደላላ አይነግርህም። መሠረት ሳትቆፍር የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ቦታህ ላይ ምን እንደሚፈቀድ የሚገልጸውን ወረቀት፣ ውሰድ።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ሲዘንብ ቤቴ ውሃ ይገባል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ብቻ መመለስ አልችልም። ውሃው ከየት ነው የሚገባው? ከበር? ከግድግዳ? አይተሽ ንገሪኝ።

ጥያቄ፦ ግቢዬን ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ አድርጌዋለሁ። አጥሬ ግን ተሰነጠቀ። ለምን?

መልስ፦ መረሬ ላይ ነው የምንኖረው። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። አጥርህን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

አሁን ጣሪያህን አስላው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያህ 150 ካሬ ቢሆንና በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል 6,000 ሊትር ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል 30 ይሞላል። ይህ ሁሉ ውሃ ሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ አጥሩ ሥር ይተኛል።

አሸንዳ አስገጥም። ውሃውን በ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ውሰደው። ተዳፋቱ በሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲም ይሁን፤ 12 ሜትር ከሆነ 12 ሳንቲም ይውረድ። በዓይን አትገምት፣ በውሃ ልክ ለካ። ቱቦው በሚታጠፍበት ሁሉ ማንሆል አድርግ። አምና የአንድ ጎረቤቴን መታጠፊያ ስንከፍት የደረቀ ሲሚንቶና አንድ የልጅ ጫማ አወጣን። ማንሆል ባይኖረው ኖሮ ግቢው በሙሉ ይቆፈር ነበር።

የዝናብ ውሃ ከሽንት ቤት መስመር ጋር አይገናኝ!

ጥያቄ፦ የጣሪያውን ውሃ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ብለቀውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ታንኩ ይሞላል፣ ቆሻሻው ይገነፍላል፣ ፍሳሽ ማንሻ መኪና በየሳምንቱ ስትጠራ ትኖራለህ።

ከተሳታፊ፦ ጎርፉን ያመጡት ሱቆቹ ናቸው። ደረጃ እየሠሩ ዲቹን፣ የመንገዱን ቦይ፣ ደፈኑት።

ከባለሱቅ፦ ደንበኛ በምን ይሻገር? ኮብልስቶኑ ሳይነጠፍ ጎርፍ መቼ ነበር?

ከተሳታፊ፦ ያኔማ ጤፍ ማሳ ነበር!

መልስ፦ የማሳው ነገር እውነት ነው። ማሳ ውሃውን ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ግን በአንዴ ነው የሚለቁት። ባለሱቁ መሻገሪያ ያስፈልገዋል፣ አልከራከርም። ግን የሚነሳ ክዳን አድርግበት። ሞልተህ የምትገነባው ደረጃ ዲቹን ይዘጋል፣ ውሃው ከታች ያሉት እናቶች ቤት ይገባል። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ካርታዬ ላይ ያለው ስፋት ከይዞታዬ ይለያል።

መልስ፦ ከላይ ተናግሬአለሁ።

ጥያቄ፦ አሸንዳውን ለጊዜው፣ ለዚህ ክረምት ብቻ፣ ከሽንት ቤቱ መስመር ጋር ባገናኘውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። ለአንድ ቀንም አይሆንም። ጎርፍ የሚመጣው በክረምት አይደል?

ጥያቄ፦ ከታች ምግብ ቤት ልከፍት ነው። የተለየ ነገር አለው?

መልስ፦ አለው። የወጥ ቤቱ ውሃ ወደ ዋናው መስመር ከመግባቱ በፊት ቅባት ማስቀሪያ ጉድጓድ ይለፍ። ዘይት ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዝ እንደ ሻማ ይረጋል። ጉድጓዱን በየጊዜው አስጠርግ።

ከኮዬ ፈጬዋ እህት፦ አይቼዋለሁ። ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል፣ ከውሃ መውረጃው ነው ተመልሶ የሚወጣው። ምድር ቤት ነኝ።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። የጣሪያው ውሃ ከፍሳሽ መስመራችሁ ጋር የተገናኘ ይመስለኛል። መስመሩ ሲሞላ መጀመሪያ የሚወጣው ዝቅ ባለው ቤት፣ ባንቺ ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን ሞክሩት። አንድ ጀሪካን ውሃ በምግብ ቀለም አቅልማችሁ የጣሪያው መውረጃ ውስጥ አፍስሱ። ሌላ ሰው የፍሳሽ ማንሆሉን ከፍቶ ይጠብቅ። ቀለሙ እዚያ ከታየ ብቻሽን አትክፈይ፤ መስመሩ የጋራ ነው። በአዋጅ 370/1995 የተቋቋመው የባለቤቶች ማኅበር ነው ሁለቱን መስመሮች የሚያስለየው። ውጤቱን ንገሪኝ፣ እጠብቃለሁ።