«ድራይቨሩ ካርዱን ይደግፋል» ይባላል?

ጥያቄ፦ «ለመሥሪያ ቤታችን የኮምፒዩተር ባለሙያዎች መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ሰርቨር ላይ ስለሚሰካ ተጨማሪ የስሌት ካርድ በሚናገረው ምዕራፍ ‹የሥርዓተ ክወናው ድራይቨር ኮፕሮሰሰር ካርዱን ይደግፋል› ብዬ ጻፍኩ። አራሚው ‹ድራይቨር›ን ‹አሽከርካሪ›፣ ‹ኮፕሮሰሰር›ን ‹ተባባሪ አንጎለ ኮምፒዩተር› አደረጉት፤ ‹ይደግፋል›ን ግን አልነኩትም። ትክክል ናቸው?»

መልስ፦ አራሚው የለወጧቸው ሁለቱ ቃላት፣ ድራይቨር (ሥርዓተ ክወናው አንድን ዕቃ የሚያሠራበት ፕሮግራም) እና ኮፕሮሰሰር (ዋናውን ፕሮሰሰር በስሌት የሚያግዝ ክፍል)፣ የሚያከራክሩ ናቸው። ሳይነኩት ያለፉት ግሥ ግን ከሁሉ በፊት መታረም ነበረበት፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

«ደገፈ» በግእዝም በአማርኛም ፍቺው አንድ ነው፤ እንዳይወድቅ ያዘ ማለት ነው። ያዘመመ ግድግዳ በባላ ይደገፋል። ከዚያ ወደ ሰው ተሻግሮ ሐሳብ ተደገፈ፣ ቡድን ተደገፈ፣ ደጋፊና ድጋፍ ወጡ። በሁሉም ዘንድ ተደጋፊው ያለ ደጋፊው ያዘምም ይሆናል እንጂ የራሱ አቋም አለው። ካርድና ድራይቨር ግን እንዲህ አይደሉም። ድራይቨር ያልተገኘለት የስሌት ካርድ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይሞቃል፤ ሥራ የሚያደርስለት ግን የለም።

«‹ይህ ስልክ አማርኛ ይደግፋል› ተብሎ ተለምዷል፤ ምን ቸገረን?» የሚሉ አሉ። ለማስታወቂያ ያስኬድ ይሆናል፤ ለመመሪያ አያስኬድም። የእንግሊዝኛው «ሰፖርት» አራት አምስት ድርጊት በአንድ ጠቅልሎ ይዟል፤ አማርኛ ደግሞ ለየድርጊቱ የራሱ ግሥ አለው። መመሪያ አንባቢ ካርዱ አልሠራ ሲለው ማወቅ የሚፈልገው የትኛው ድርጊት እንደ ቀረ ነው። «አይደግፍም» ብለን ብንነግረው ከየት ይጀምር?

የመጀመሪያው ድርጊት ማወቅ ነው። እያንዳንዱ የፒሲአይ ካርድ (ማዘርቦርዱ ላይ በዚህ ስም በሚጠራው ማስገቢያ የሚሰካ) የአምራቹንና የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ እያንዳንዳቸው 16 ቢት ናቸው። የኢንቴል መለያ 8086፣ የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርዶች 1002 ነው። ድራይቨሩም በበኩሉ የሚያውቃቸውን ካርዶች ቁጥር በሠንጠረዥ ይዟል። ሊነክስ ካርዱን ሲያገኝ ቁጥሩን ከሠንጠረዦቹ ጋር ያመሳክራል፤ ከገጠመ የዚያን ድራይቨር «ፕሮብ» የተባለ ተግባር ይጠራል። ካልገጠመ አማርኛው አጭር ነው፤ አላወቀውም። የኮምፒዩተር ጥገና ሱቆች «ፍላሹን አላወቀውም» ሲሉ ትክክለኛውን ግሥ ከማንም ሳይበደሩ አግኝተውታል። ዊንዶውስ ይህንኑ በኮድ 28 ይነግራል።

ቀጥሎ ማስፈር ይመጣል። ካርዱ ቢበዛ 6 በሆኑ መዝገቦች (ሬጅስተሮች) አማካይነት የሚያስፈልገውን የአድራሻ ቦታ ያስታውቃል፤ ቦታውን አብዛኛውን ጊዜ ባዮስ (ኮምፒዩተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው የቦርዱ ፕሮግራም) ይመድባል፤ ድራይቨሩ የተመደበውን ለራሱ ያስይዝና ይጠቀምበታል። ጀማሪው ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ኢንቴል ራሱ «ኮፕሮሰሰር» ብሎ የሸጠውን ዚዮን ፋይ 5110ፒን እንውሰድ። 60 ኮርና 8 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ አለው፤ ያንን ማህደረ ትውስታ በሙሉ ለሰርቨሩ ክፍት ለማድረግ የዚያኑ ያህል የአድራሻ ቦታ ይጠይቃል። ባዮሱ ውስጥ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን አድራሻ የሚፈቅደው ምርጫ፣ ብዙ ቦርዶች «አበቭ 4ጂ ዲኮዲንግ» የሚሉት፣ ካልተከፈተ ካርዱ ቦታ አያገኝም። ሊነክስ በከርነሉ (በሥርዓተ ክወናው እምብርት) የክንውን ማስታወሻ ላይ ለካርዱ ቦታ እንደሌለ ይጽፋል፤ ዊንዶውስ ኮድ 12 ያሳያል። ካርዱ ታውቋል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ ድራይቨሩም ትክክለኛው ነው፤ ማረፊያ ግን የለም። «ድራይቨሩ አይደግፈውም» የሚል መመሪያ የያዘ ሰው ድራይቨር ሲቀያይር ይውላል። «ካርዱ የአድራሻ ቦታ አላገኘም» የሚል የያዘ ግን በቀጥታ ባዮስ ይከፍታል።

ሦስተኛው ማስነሣት ነው። ዚዮን ፋይ የራሱ ሊነክስ የሚነሣበት ካርድ ነው። በሰርቨሩ በኩል ያለው ድራይቨር የማስነሻውን ፋይል ወደ ካርዱ ማህደረ ትውስታ ይገለብጥና ካርዱን ያስነሣዋል፤ ከዚያ በኋላ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ላይ በተዘረጋ ምናባዊ ኔትዎርክ ይገናኛሉ። የካርዱን ሁኔታ ሲጠይቁ «ሬዲ» ወይም «ኦንላይን» የሚል መልስ ይመጣል። «ሬዲ»ን «ዝግጁ» ብለው እንዳይተረጕሙት አደራ እላለሁ። እዚህ «ሬዲ» ማለት ካርዱ ማስነሻውን እየጠበቀ ነው ማለት ነው፤ ሥራ ቢልኩለት አይቀበልም። ሥራ የሚቀበለው «ኦንላይን» ሲል ነው። «ለመነሣት ዝግጁ» እና «ተነሥቷል» ቢሏቸው ስሕተቱ ይወገዳል።

አራተኛው ማመላለስ ነው። ድራይቨሩ ትእዛዙን በወረፋ ያስቀምጣል፣ ካርዱ ውሂቡን ራሱ ከዋናው ማህደረ ትውስታ ያነብባል፣ ሲጨርስ በኢንተረፕት (ፕሮሰሰሩን ከሥራው በሚያቋርጥ ምልክት) ያሳውቃል። ካርዱ በራሱ እንዲያነብብ ድራይቨሩ አስቀድሞ ካልፈቀደለት ትእዛዙ ወረፋ ላይ ቀርቶ ፕሮግራሙ ይቆማል።

ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ግን የራሳችን «ጫነ» ነው። «ድራይቨሩን ጫን» ስንል ፋይሉን ዲስክ ላይ ማኖር ነው ወይስ ወደሚሠራው ከርነል ማስገባት? በሊነክስ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ሆኖ ሌላው ሊቀር ይችላል። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይነሣ የሚከለክል ጥበቃ) በተከፈተበት ማሽን ላይ ያልተፈረመ ሞጁል (ወደ ከርነሉ የሚገባ የድራይቨር ፋይል) ዲስክ ላይ በሰላም ተኝቶ ከርነሉ ግን አላስገባም ይለዋል፤ የዊንዶውስ አቻው ኮድ 52 ነው። ከርነሉ ሲታደስም ከውጭ የመጣ ሞጁል ለአዲሱ ከርነል እንደገና ካልተገነባ ትናንት ይሠራ የነበረው ካርድ ዛሬ አይነሣም። ስለዚህ ካርድ ይሰካል፣ ድራይቨር ይጫናል፣ ሞጁል ይገባል ብለው ሦስቱን ይለዩ። ማጣሪያውም ቀላል ነው፤ «ኤልኤስፒሲአይ» የተባለው የሊነክስ ትእዛዝ ከ«ኬ» አማራጭ ጋር ሲሰጥ ከካርዱ ስም ሥር ካርዱን የያዘው ድራይቨር ይጻፋል። ያ መስመር ከሌለ ካርዱን የያዘ የለም።

ወደ «ተባባሪ» ልለፍ። አራሚው «ተባባሪ ፕሮፌሰር»ን አስበው ይሆናል፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው «ረዳት» እና «ተባባሪ»ን እንደሚለየው ሁሉ እዚህም መለየት አለበት። በ1980 የወጣው ኢንቴል 8087 ለ«ተባባሪ» የተገባ ነበር። ከ8086 ወይም ከ8088 አጠገብ በራሱ ሶኬት ተቀምጦ ያንኑ የትእዛዝ ጅረት አብሮ ይከታተላል፤ የነጥብ ቁጥር ስሌት ሲመጣ የራሱን ድርሻ አውቆ ያነሣል። ፕሮግራሙ በራሱ ትእዛዝ ይደርስበት ስለነበር ስሌቱን የሚያደርስለት ድራይቨር አላስፈለገውም። የዛሬው ካርድ የዋናውን ፕሮሰሰር ትእዛዝ አያይም፤ የሚያውቀው ወረፋው ላይ የተቀመጠለትን ብቻ ነው። ተልኮ የሚሠራ ረዳት ነው። ስለዚህ «ረዳት ፕሮሰሰር ካርድ» እላለሁ።

ሆኖም «ኮፕሮሰሰር» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ይጻፉት፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እሱ ነውና። በፒሲአይ ምደባ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ክፍል አለ፤ ዚዮን ፋይም በዝርዝሩ የሚወጣው በዚሁ ነው። አንባቢዎንም ያስጠንቅቁ፦ የኤንቪዲያ ኤንፎርስ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኙ ቺፖች) ባላቸው የቆዩ ማዘርቦርዶች የዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ቢጫ ምልክት ያለበት «ኮፕሮሰሰር» ያሳያል። የተሰካ ካርድ የለም፤ የማዘርቦርዱ የራሱ የሥርዓት መቆጣጠሪያ ክፍል ነው፤ የቺፕሴቱ ድራይቨር ሲጫን ይጠፋል።

ቀረን «አሽከርካሪ»። ይህን ቃል የሚመርጡ ሰዎች የትራፊክ ሕጉ የሚጠቀምበት ቃል ነው ይላሉ። ነው፤ ለሰውና ለመኪና። «አሽከረከረ» ግን የመዞር ግሥ ነው፤ ሽክርክሪት፣ ተሽከርካሪ ከእሱ ናቸው። የግእዙ «አንኰርኰረ» እና «መንኰራኵር»ም በዚሁ የመንከባለልና የመዞር ፍቺ የሚኖሩ ናቸው። ኮምፒዩተር ውስጥ በእውነት የሚሽከረከር ነገር አለ፤ ሃርድ ዲስኩና ማራገቢያው። «የዲስክ አሽከርካሪ» ብትሉ ሞተሩ ነው ወይስ ፕሮግራሙ?

የእኔ ምርጫ «ነጂ» ነው። የግእዙ «ነድአ» ከብትን ከኋላ ሆኖ አስኬደ ማለት ነው፤ አማርኛ የመጨረሻዋን አሌፍ ጥሎ «ነዳ» አለው። «ደ» ከ«ኢ» ፊት ሲሆን ወደ «ጀ» ስለሚላላ፣ ወሰደ ወሳጅን፣ ወለደ ወላጅን እንዳስገኘ፣ «ነጂ» ወጣ። «ረድአ»ም በዚያው መንገድ «ረዳ» ሆነ፤ «ረዳት» እና «ረጂ»ን ወለደ። ነድአና ረድአ፣ ነዳና ረዳ፣ ነጂና ረጂ፦ ድራይቨሩንና ካርዱን በስም የሚያዛምዱ እንዲህ የተጣጣሙ ሁለት ግሦች ሳሉ ወደ ውጭ መሄዳችን ያሳዝነኛል። ፍቺውም ይስማማል፤ ድራይቨር ከፊት ሆኖ አይመራም፣ ከሥርዓተ ክወናው በመጣለት ትእዛዝ ካርዱን ይነዳል።

ይህ ግን ጣዕሜ ነው፤ ማስረጃው ወደ እኔ አያደላም። ባለሙያው «ድራይቨር» ይላል። ቃሉም የአማርኛን ባሕርይ ለብሷል፤ ድራይቨሩ፣ ድራይቨሮቹ፣ ባለድራይቨር፣ ያለድራይቨር ሲባል ማንም አይሰናከልም። ከፈረንሳይኛ የመጣውን «ሹፌር» ተቀብለን የለመድን ሕዝብ ነን፤ ይህንንም ለምደነዋል። ሰርቨር ክፍል ውስጥ ቆሞ ካርድ አልሠራ ያለው ሰው «ነጂ» የሚል ቃል ፈልጎ መዝገበ ቃላት እንዲገልጥ ማድረግ አይገባም። ስለዚህ፣ ደስ እያለኝ ባይሆንም፣ በመመሪያዎ «ድራይቨር» ይግባ፤ «ነጂ»ን በቃላት መፍቻው ላይ ያኑሩልኝ።

ዓረፍተ ነገርዎ እንዲህ ቢሆን፦ «ድራይቨሩ ረዳት ፕሮሰሰር ካርዱን (ኮፕሮሰሰር) በመለያ ቁጥሩ ያውቀዋል፣ የአድራሻ ቦታውን ያስይዝለታል፣ ያስነሣዋል፣ ሥራም ያመላልስለታል።» ስለ ስሪት ሲጽፉም «ሊነክስ ይህን ካርድ አይደግፍም» ከማለት ድራይቨሩ ከየትኛው ከርነል ውስጥ እንዳለ ይንገሩ። ለምሳሌ የዚዮን ፋይ ድራይቨር በ3.13 ወደ ሊነክስ ገብቶ በ5.10 ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ባለ ከርነል ላይ ካርዱ በዝርዝሩ ይታያል፣ ስሙም ይጻፋል፣ የሚይዘው ድራይቨር ግን ከከርነሉ ጋር አይመጣም።