ከሰባት ፊደላት የእንግሊዝኛ ቃላትን ስለማውጣት፦ ለሉማሜው መምህር

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለእንግሊዝኛ ክበብ ውድድር ሰባት ፊደላት ሰጥተው ተማሪዎች ቃላት እንዲመሠርቱ ማሰብዎንና የተሟላ የመልስ ዝርዝር እንዴት እንደሚዘጋጅ መጠየቅዎን አነበብሁ። እኔም ፍኖተ ሰላም አካባቢ ሳስተምር ይህንኑ ውድድር ስላዘጋጀሁ፣ ተማሪዎቼንም ይዤ ወደ ሌላ ቦታ ለውድድር ስለሄድሁ፣ የእርስዎ ችግር ከእኔው እንደማይለይ ገምቼ የማውቀውን እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ ጥያቄውን ይለዩ። «እነዚህን ፊደላት በመጠቀም» የሚለው አነጋገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊይዝ ይችላል። ኤ፣ አር እና ቲ ተሰጡ እንበል፤ ሦስቱንም፣ ሦስቱን ብቻ ከተጠቀምን «ራት»፣ «አርት» እና «ታር» ይወጣሉ። ከሦስቱ መቀነስ ከተፈቀደ «አት» ይጨመራል። ሌላ ፊደል ማከል ከተፈቀደ ግን «ሃርት» እና «ፓርቲ»ን የመሰሉ ቃላት እየጎረፉ ስለሚመጡ የመልስ ወረቀቱ መጽሐፍ ያህላል። የትኛውን እንደሚፈልጉ በጥያቄው ወረቀት ላይ በግልጽ ይጻፉ።

ሁለተኛ፣ የትኛው መዝገበ ቃላት እንደሚዳኝ አስቀድመው ይወስኑ፤ እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ተማሪዎቼን ይዤ በሄድሁበት አንድ ውድድር የተሰጡት ፊደላት ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ እና ቲ ነበሩ፤ ሰባቱንም ለተጠቀመ ቃል ከፍተኛው ነጥብ ይሰጣል ተባለ። የእኛዋ ልጅ በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ዓይን ስትማር ያወቀችውን ቃል በብዙ ቁጥር አድርጋ «ሬቲናስ» ብላ ጻፈች። ሰብሳቢው ዳኛ ከኪሱ አንዲት ትንሽ መዝገበ ቃላት አውጥቶ፣ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ፣ «መጨረሻው ላይ ኤስ የለም» አለና ሰረዘባት። የሌላው ቡድን ተማሪ ከእነዚያው ፊደላት የጻፈውን «ሪቴይንስ» ግን ያለ አንዳች ማመንታት ተቀበለው፤ ያም ቃል በዚያችው መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚገኘው ያለ ኤስ ነበር! ቀርቤ በትሕትና ባስረዳ «መምህር፣ ቦታዎን ይያዙ፤ የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው» ተባልሁ። አቤቱታዬን በጽሑፍ ላቅርብ ብልም አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየመራኝ ወረቀቱን የሚቀበል ሰው ጠፋ። ከሰባቱ ፊደላት «ናስቲየር» እና «ስቴይነር»ም እንደሚወጡ ዳኞቹ የሚያውቁ አልመሰለኝም፤ ጥያቄ አውጥተው መልሱን ሳይሠሩ ነበርና የመጡት።

ስለዚህ የመዝገበ ቃላቱን ስም ከነእትሙ በደንቡ ላይ ይጥቀሱ፤ ብዙ ቁጥርና የግሥ እርባታ ተቀባይነት ያለው መሆን አለመሆኑንም ይጻፉ። ፊደላትን እየገጣጠሙ የእንግሊዝኛ ቃል የሚመሠርቱበት፣ ስክራብል የተባለው ጨዋታ እንኳ አንድ ወጥ የቃላት ዝርዝር የለውም፤ ሰሜን አሜሪካውያን የራሳቸው አላቸው፣ ሌላው ዓለም በአብዛኛው የሚጠቀመው ደግሞ ከ270,000 በላይ ቃላት ያሉትን የኮሊንስ ዝርዝር ነው፤ «ዞ» የምትለዋ ባለ ሁለት ፊደል ቃል በኮሊንስ ስትፈቀድ በአሜሪካው አትፈቀድም። ለእኛ ተማሪዎች ግን ማንም የማይናገራቸው ቃላት የሞሉበት ዝርዝር አይጠቅምም ባይ ነኝ፤ ለተማሪ የተዘጋጀ ደህና መዝገበ ቃላት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ዝርዝሩን በኮምፒውተር ያውጡ። የቃላት ፋይል አንድ ጊዜ በእጅዎ ከገባ ኢንተርኔት አያስፈልግዎትም፤ በእኛ አገር ኔትወርክ ምን ያህል ጊዜ ሊጠፋ እንደሚችል ለእርስዎ አልነግርም። ቃላቱን በኤክሴል የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ያስፍሩ። በቀጥሎው ዓምድ «ሰብስቲትዩት» በተባለው ፎርሙላ የተሰጡትን ፊደላት ከእያንዳንዱ ቃል ላይ አንድ በአንድ በባዶ ይተኩ፤ ፎርሙላውን ሰባት ጊዜ አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት ነው። በየፎርሙላው አራተኛ ቦታ ላይ 1 ቁጥርን ይጻፉ። ይህች ቁጥር ከሌለች ኮምፒውተሩ ፊደሉን በተገኘበት ቦታ ሁሉ ስለሚያጠፋው፣ አንድ ኢ ብቻ ሰጥተው ሳለ ሁለት ኢ ያለበትን ቃል ትክክል ነው ብሎ ያቀርብልዎታል። ሰባቱ ከተነሡ በኋላ ምንም ያልተረፈው ቃል ከተሰጡት ፊደላት ብቻ የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ ልክ በሰባት የቀነሰው ደግሞ ሰባቱንም የያዘ ነው፤ ሁለቱንም ያሟላው ሰባቱን ብቻ የተጠቀመ ነው። ፎርሙላው ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለሚለይ ዝርዝሩ ሁሉ በትንንሽ ፊደላት የተጻፈ ይሁን። የአይሲቲ መምህራችን «ይህ ያለ ፕሮግራም አይሞከርም» ይለኝ ነበር፤ አሁን ፎርሙላውን ከእኔ ወስዶ እርሱ ነው የሚያስተምርበት። የትምህርት ቤትዎ ኮምፒውተር የ2003 ኤክሴል ያለው አሮጌ ከሆነ ከ65,536 መስመር በላይ ስለማይቀበል፣ ረጅም ዝርዝር መሐል ላይ ይቆረጥብዎታል፤ በተለያዩ ገጾች ከፋፍለው ያስገቡት።

ስለ ልጆቹ ዝግጅትም ልጨምር። ተማሪዎቻችን ያደጉት እያንዳንዱ ሆሄ አናባቢውን ይዞ በሚመጣበት ፊደል ስለሆነ፣ ተነባቢ ባዩ ቁጥር አናባቢ ሊያጣምሩለት ይሞክራሉ፤ ከስምንት ፊደላቱ አንዱ ብቻ አናባቢ የሆነው «ስትሬንግዝ» የመሰለ ቃል አይመጣላቸውም። ኤስ፣ ቲ እና አርን፣ እንዲሁም አይ፣ ኤን እና ጂን አንድ ላይ ማየትን ያስለምዷቸው። ፊደላቱን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው በመስመር ሳይሆን በክብ ይደርድሩላቸው፤ በመስመር የተደረደረ ፊደል ዓይንን በአንድ አቅጣጫ ያስራል። ከዚያ የቅኔ ተማሪ ለቆጠራ ብቻውን ገለል እንደሚል፣ እነርሱንም ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ይተዋቸው።

ደንቡና የመልስ ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ አባዝተው ለዳኞቹ ከዋዜማው ይስጡ፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊትም ዳኞቹ በተማሪዎቹ ፊት ይፈርሙበት። አልፈርምም የሚል ካለ ወንበሩን ለሌላ ይልቀቅ። የእኔን ደንብ ማየት ከፈለጉ ከአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ወስደው እየሠሩበት ነው፤ ለእርስዎም እልካለሁ።