ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው ነዋሪ፦ የጥናት ዘዴ ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ዳርቻዎች፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከሰበታና ከለገጣፎ የመጡ ናቸው። የላኳቸው የመጀመሪያ የሶሲዮሎጂ ጥናታቸውን የጀመሩ ተማሪዎችና መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩ መረጃ ሰብሳቢዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጥናቴ በኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የዕድር ተሳትፎ ላይ ነው። ሳይቱ 1,500 ቤት አለው። አማካሪዬ 400 ሰው ጠይቅ ብለውኛል፤ ጓደኛዬ 316 ይበቃል ይላል። የስም ዝርዝሩን ከዕድሩ ጸሐፊ አገኛለሁ።

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች የወጡት ከአንድ ቀመር ነው። ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላው የያማኔ ቀመር የስህተት ወሰኑን (ውጤቱ ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበትን መጠን) 5 በመቶ ሲያደርግ 0.05ን በራሱ አባዝቶ 0.0025 ይይዛል። ይህን በ1,500 አባዝተው 1 ሲደምሩበት 4.75 ይሆናል፤ 1,500 ለ4.75 ሲካፈል 316 ነው። ሕዝቡ በመቶ ሺዎች ሲሆን ውጤቱ ወደ 400 ይጠጋል እንጂ አያልፈውም። ስለዚህ ለእርስዎ ሳይት 316 ይበቃል። ከ10 ቤት አንዱ ዝግ ይሆናል ወይም እምቢ ይላል ብለው አስበው 316ን ለ0.9 ያካፍሉና 351 ቤት ይምረጡ።

ባለቤትንና ተከራይን ማወዳደር ከፈለጉ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ከ316ቱ ተከራይ የሆኑት 66 ብቻ ቢሆኑ፣ ስለ ተከራዮች የሚሰጡት መቶኛ ወደ ላይም ወደ ታችም 12 ነጥብ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። እንዲህ ሲሆን የተከራዮቹን ቁጥር ሆን ብሎ መጨመር ያስፈልጋል።

ከሁሉም ያሳሰበን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ነው። ስለ ዕድር ተሳትፎ እያጠኑ ስም ከዕድር መዝገብ ካወጡ፣ ዕድር ያልገባው ሰው ጥናቱ ሳይጀመር ቀረ ማለት ነው። የባለዕድለኞች ዝርዝርም አያድንም፤ ቤቱ የደረሰው ሰው አከራይቶት ሌላ ቦታ ይኖር ይሆናል። ያለው መንገድ በእግር ዞሮ በር መመዝገብ ነው፦ ብሎክ፣ ወለል፣ የበር ቁጥር፣ ሰው ይኖርበታል ወይስ ባዶ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን የጥናቱ መሠረት እሱ ነውና ለረዳት ብቻ አይተዉት።

ከተመዘገበ በኋላ ብዙ ሰው «1,500ን ለ300 ባካፍል 5 ነው፤ በየአምስተኛው በር እገባለሁ» ይላል። አንድ ወለል ላይ አምስት በር ካለ ምን እንደሚሆን ያስቡት። ስቱዲዮው፣ ባለ አንድ መኝታውና ባለ ሦስት መኝታው በየወለሉ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ስለሚሠሩ፣ በየአምስተኛው ሲቆጥሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቤት ይደርስዎታል። በስቱዲዮ ከጀመሩ ናሙናው በሙሉ ስቱዲዮ ይሆናል፤ ስለ ገቢም ሆነ ስለ ቤተሰብ ብዛት የሚያገኙት መልስ የዚያ ቤት ዓይነት መልስ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በሮቹን በሙሉ ከ1 እስከ 1,500 ቁጥር ሰጥተው ኤክሴል በዘፈቀደ እንዲመርጥልዎ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በሩን ካንኳኳሁ በኋላ ማንን ነው የምጠይቀው? በሥራ ቀን ስሄድ የማገኘው የቤት ሠራተኛና ሽማግሌ ብቻ ነው።

መልስ፦ በር የከፈተውን ሰው መጠየቅ የከተማ ዳርቻ ጥናቶች ትልቁ ሕመም ነው። እዚህ የሚኖረው ሠራተኛ ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ይሰለፋል፣ ሲጨልም ይመለሳል። ስለዚህ ቀን ቀን ብቻ የተሰበሰበ መረጃ ሥራ ያለውን ሰው ይዘለዋል።

መጀመሪያ «ቤተሰብ» የሚለውን ይወስኑ፦ በአንድ ጣሪያ ሥር አድሮ በአንድ ማዕድ የሚበላ ሁሉ። በዚህ መሠረት ቤት ውስጥ የምታድረው ሠራተኛም ትቆጠራለች፤ ለብቻው የሚያበስል ደባል ግን ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው። በነባር መንደሮች አንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቱና ሦስት የሰርቪስ ተከራዮች ካሉ አራት ቤተሰብ ተብለው ይመዝገቡ። የግቢውን በር እንደ አንድ ከቆጠሩ ሦስቱ ይጠፋሉ።

ከዚያ 18 ዓመት የሞላቸውን በሙሉ ይዘርዝሩ፤ ወንዶቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ቀጥሎ ሴቶቹን እንዲሁ። ሌስሊ ኪሽ እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው ሰንጠረዥ ከዚህ ዝርዝር የትኛው ተራ ቁጥር እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይወስናል፤ መረጃ ሰብሳቢው ምርጫ የለውም። በሌላ አገር «ልደቱ በቅርቡ ያለፈው ሰው» የሚባል አቋራጭ አለ። የልደት ቀኑን የማያውቅ ትልቅ ሰው ባለበት ቤት ግን አይሠራም። ሰንጠረዡ ካስቸገረ ተራ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ጠቅልለው የቤቱ ልጅ ዕጣ ያንሳ። ሰዎች ያምኑታል፣ ለምን እኔ ተመረጥኩ ብሎ የሚጠራጠርም ይቀንሳል።

ዕጣ የወጣለት ሰው ከሌለ በጎረቤት አይተኩት። ሦስት ጊዜ ይመለሱ፤ አንዱ ማታ፣ አንዱ እሑድ ከሰዓት ይሁን። አምስት አዋቂ ካለበት ቤት አንዱን ሲመርጡ ያ ሰው አምስት ሰው ወክሏል፤ ብቻውን የሚኖር ሰው የሚወክለው ራሱን ነው። ስለዚህ ስለ ግለሰቦች ሲተነትኑ ለእያንዳንዱ መልስ የቤቱን አዋቂዎች ብዛት እንደ ክብደት ይስጡት፤ ለዚህም ቁጥሩ መጠይቁ ላይ መጻፉን አይርሱ።

ጥያቄ፦ «በውሃና በመብራት አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?» ብለን ጠየቅን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አብዛኛው ሰው «እረካለሁ» አለ። ውሸት ነው?

መልስ፦ ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። እቤቱ ለመጣ እንግዳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ማለት የተለመደ ነው፤ ወረቀት የያዘ እንግዳ ደግሞ ከመንግሥት የመጣ ይመስላል። ጥያቄውም ሁለት ነገር በአንድ ይጠይቃል፤ መብራቱ ደህና ሆኖ ውሃው የሌለ ሰው ምን ይመልስ?

ስሜቱን ትተው የሆነውን ይጠይቁ። «ባለፉት 7 ቀናት ውሃ ስንት ቀን መጣ?» «ሲጠፋ ከየት ይቀዳሉ?» «ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንት ይከፍላሉ?» ገቢንም በቀጥታ ከመጠየቅ የሳምንት አስቤዛን፣ የቤት ኪራይንና የዕቁብ መዋጮን መጠየቅ የተሻለ ያስገኛል። መጠይቁን ከዋናው ሥራ በፊት በተመሳሳይ ሌላ ሳይት ለ10 ወይም 15 ሰው ይሞክሩት፤ ከመለሱ በኋላ «ጥያቄውን እንዴት ተረዱት?» ብለው ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ ነባር አርሶ አደሮች ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ 50 ወይም 60 ይላሉ። ልክ ነው ብዬ ልመዝግበው?

መልስ፦ ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ መከማቸቱ የታወቀ ነው። የክስተት መቁጠሪያ ያዘጋጁ፦ የ1966ቱ አብዮት፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ የ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ፣ የ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየም፤ ከእነዚህ ጋር የአካባቢውን ይጨምሩ፤ አስፋልቱ የገባበትን፣ መሬቱ ለቤት ግንባታ የተወሰደበትን። «አብዮቱ ሲፈነዳ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ አግብተው ነበር?» የሚለው ከ«ዕድሜዎ ስንት ነው?» የተሻለ ያወጣል።

መልሱን በወረቀት ፋንታ በስልክ መተግበሪያ የሚመዘግቡ ከሆነ ሰዓትና ቀኑን ይጠንቀቁ። ጠዋት 2 ሰዓት ያለው ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ማለቱ ነው። ለአንድሮይድ የተሠራው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ኦዲኬ (ODK) ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስገባ አማራጭ ስላለው መጠይቁ ሲዘጋጅ መመረጡን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ከመሬታቸው ስለተነሱ ገበሬዎች የቡድን ውይይት ላደርግ ነው። የቀበሌው ሰው አሥራ አምስት ሰው አሰባስቦልኛል።

መልስ፦ ይበዛል። ከ6 እስከ 10 ሰው ይብቃዎት፤ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ወጣቶችን ለየብቻ ያድርጉ። አባት በተቀመጠበት ካሳው እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገር ልጅ የለም። አሰባሳቢው ውይይቱ ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል፣ ከመሬት ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው ደግሞ ፈጽሞ አብሮዎት አይሂድ። አለዚያ ሰዎቹ አዲስ የካሳ ምዝገባ የመጣ መስሏቸው መሬቱን ያበዙታል፣ ወይም ፈርተው ያሳንሱታል።

ተሳታፊዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆኑ መወያያ ጥያቄዎቹ በኦሮምኛ ይዘጋጁ። አንድ ሰው ይተርጉም፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፣ ከዚያ ሁለቱን አማርኛ ጎን ለጎን ያስተያዩ። በየመንገዱ አስተርጓሚ እያስገመቱ መሄድ አምስት መረጃ ሰብሳቢ አምስት የተለያየ ጥያቄ እንዲጠይቅ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ብዙ ተከራይ ያለባቸው ብሎኮች አነስተኛ የዕድር አባል እንዳላቸው አገኘሁ። «ተከራይ ዕድር አይገባም» ብዬ ልደምድም?

መልስ፦ አይቻልም። ያነጻጸሩት ብሎኮችን ነው፤ የደመደሙት ስለ ሰዎች ነው። በእነዚያ ብሎኮች ዕድር ያልገቡት ባለቤቶቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ይህን በአሜሪካ የ1930 ቆጠራ አሳይቷል፦ ብዙ ስደተኛ ያለባቸው ክፍለ ግዛቶች ማንበብ የሚችል ሰው የሚበዛባቸው ነበሩ፤ ሰው በሰው ሲታይ ግን ስደተኞቹ ማንበብ የማይችሉ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። የሰፈሩበት አካባቢ ነው የተማረው። የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ፣ ተከራይ ወይስ ባለቤት፣ አባል ነው ወይስ አይደለም፣ በአንድ ሰንጠረዥ ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ ፈቃደኝነታቸውን እንዲፈርሙ ስጠይቅ ሰዎች ይሸሻሉ።

መልስ፦ ፊርማ መሬት ያስወስዳል ብሎ የሚሰጋ ሰው ባለበት ቦታ የቃል ፈቃድ ይጠቀሙ፤ ግን ይህ አሠራር አስቀድሞ በተቋምዎ የሥነ ምግባር ኮሚቴ መጽደቅ አለበት። የጥናቱን ዓላማ፣ የሚወስደውን ጊዜ፣ ያለመመለስና የማቋረጥ መብታቸውን፣ ካሳም ሆነ ቤት እንደማያስገኝ አንብበው ይንገሯቸው፤ የተስማሙበትን ቀን እርስዎ መዝግበው ይፈርሙ። መጠይቁ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍ፤ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ወረቀት በሌላ ቦታ ይቆለፍበት። ሪፖርቱ ላይም «የቀድሞው የዕድር ሊቀ መንበር፣ የሁለት ወፍጮ ባለቤት» ብለው ከጻፉ ስሙን ባይጠሩትም መንደሩ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ «አንድ ነባር ነዋሪ» ይበቃል።