ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ የቀጭኔ ራስ፣ የሚቆጥር ተክልና የሕፃን አጥንት

ጥያቄ፦ ሰው ከተቀመጠበት ፈጥኖ ሲነሣ አንዳንዴ ዓይኑ ይጨልምበታል። ቀጭኔ ግን ውኃ ለመጠጣት ራሷን እስከ መሬት ዝቅ አድርጋ በድንገት ቀና ስትል ለምን አትወድቅም?

መልስ፦ የቀጭኔ ልብ ደምን ሁለት ሜትር ገደማ ሽቅብ ገፍቶ አንጎል ዘንድ ማድረስ ስላለበት፣ በልቧ አካባቢ የሚለካው የደም ግፊት የጤነኛ ሰውን ግፊት እጥፍ ያህላል። ግፊቱ ደሙ አንገቷን ሲወጣ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ አንጎሏ ላይ ሲደርስ ከሌሎች አጥቢ እንስሳት ብዙም የተለየ አይሆንም። ይህን የምትችለው ግዙፍ ልብ ስላላት ነው ሲባል በሰፊው ይሰማል፤ ይሁንና የልቧ ክብደት ከሰውነቷ ክብደት ጋር ሲመዛዘን ከሌሎቹ አጥቢዎች ያን ያህል አይበልጥም። ልዩነቱ ያለው ደምን ወደ መላው አካል በሚረጨው የግራ ክፍል ላይ ነው፤ የዚህ ክፍል ጡንቻ እጅግ ወፍራም፣ ውስጡ ደግሞ ጠባብ በመሆኑ ደምን በከፍተኛ ኃይል ለመግፋት ያመቻል።

እርስዎ የጠየቁት ግን ጎንበስ ብላ ስትነሣ ስለሚሆነው ነው። ራሷን ዝቅ ስታደርግ በአንገቷ ትልልቅ ደም መልሶች ውስጥ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ደም ይጠራቀማል፤ ወደ ልቧ የሚመለሰው ደም ስለሚያንስም ልቧ የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል፤ አንጎሏም በዚሁ ከከባድ ግፊት ይተርፋል። ቀና ስትል የተጠራቀመው ደም በአንድ ጊዜ ወደ ልቧ ስለሚወርድ፣ ልቧ ወዲያውኑ በቂ ደም አግኝቶ ሽቅብ ይረጫል። ይህ የታወቀው በሰመመን ውስጥ ባሉ ቀጭኔዎች ላይ በተደረገ ልኬት ነው። እግሯን በተመለከተ ደግሞ፣ ጠንካራና ጥብቅ ቆዳዋ ፈሳሽ ወደ ታች ወርዶ እንዳያሳብጣት ይከላከልላታል። ይህ ሁሉ ርዝመት ያለው አንገት የተሠራው እንደ ሰው አንገት ከሰባት አጥንቶች ብቻ መሆኑንም እግረ መንገዳችንን እንጠቅሳለን።

ጥያቄ፦ መቁጠር የሚችል ተክል አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

መልስ፦ እውነት ነው። ቬነስ ፍላይትራፕ የተባለው ተክል በተፈጥሮ የሚበቅለው በአሜሪካ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ብቻ ሲሆን፣ የሚኖርበት እርጥብ አፈር ናይትሮጅን ስለሚያጥረው ጉድለቱን ነፍሳትን በማጥመድ ያሟላል። ለሁለት በተከፈለው ቅጠሉ ውስጥ ንክኪ የሚሰማቸው ጥቂት ጸጉሮች አሉ። አንዱ ጸጉር አንድ ጊዜ ብቻ ቢነካ ቅጠሉ አይንቀሳቀስም፤ የነካው የዝናብ ጠብታ ሊሆን ይችላልና። በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ንክኪ ከተከተለ ግን ሰከንድ ሳይሞላ ይከደናል። የታሰረው ነፍሳት ሲፍጨረጨር ጸጉሮቹን ደጋግሞ ስለሚነካ፣ ንክኪው አምስት ገደማ ሲደርስ ተክሉ ሥጋን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ማዘጋጀት ይጀምራል።

አንጎልም ነርቭም የሌለው ተክል የመጀመሪያውን ንክኪ እንዴት ያስታውሳል? በእያንዳንዱ ንክኪ በቅጠሉ ሕዋሳት ውስጥ የካልሲየም መጠን ከፍ ይልና ቀስ በቀስ ይወርዳል። ሁለተኛው ንክኪ የመጀመሪያው ሳይወርድ ከደረሰ፣ ድምሩ ቅጠሉን ለመዝጋት ከሚያስፈልገው ልክ ያልፋል፤ ከዘገየ ግን ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በእኛ አስተያየት ከመዘጋቱ ፍጥነት ይልቅ የሚደንቀው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሕፃን ከአዋቂ ሰው የበለጠ አጥንት አለው የሚባለው እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አዋቂ ሰው በአብዛኛው 206 አጥንቶች ሲኖሩት፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን 300 ገደማ የአጥንትና ገና ወደ አጥንት ያልጠነከረ ለስላሳ አካል (ካርቲሌጅ) ክፍሎች አሉት። ልዩነቱ የሚመጣው ተለያይተው የነበሩ ክፍሎች ከዕድገት ጋር ስለሚገጣጠሙ እንጂ የሚጠፋ አጥንት ኖሮ አይደለም። ለምሳሌ ከወገብ በታች ያሉት አምስት የአከርካሪ አጥንቶች አንድ ላይ ተጣብቀው አንድ አጥንት ይሆናሉ። ይህ ሥራ በልጅነት አያበቃም፤ ትከሻን ከደረት አጥንት ጋር በሚያገናኘው አጥንት ላይ፣ በደረት በኩል ባለው ጫፍ ያለው ክፍል ከዋናው ጋር ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ሰው 20 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።