ስክሪኑ ጠፍቶ ማራገቢያው የሚዞር ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ስገዛው የተጫነበት ዊንዶውስ 7 ነበር። በቅርቡ ጥገና ቤት ወስጄ ወደ ዊንዶውስ 10 ካሳደግሁት ወዲህ «ሸት ዳውን» ስለው ስክሪኑ ይጠፋል፤ የፓወር መብራቱ ግን እንደበራ ይቀራል፣ ማራገቢያውም መዞሩን አያቆምም። አንድ ቀን የጠፋ መስሎኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ቤት ስደርስ እንደ ምጣድ ግሎ አገኘሁት። የሚገርመው፣ «ሪስታርት» ሳደርገው በደንብ ጠፍቶ ይነሣል። ጥገና ቤቱ ፎርማት ካልተደረገ አይስተካከልም ይለኛል፤ እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለፎርማት አይቸኩሉ፤ በአገራችን ጥገና ቤቶች ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ቢሆንም የእርስዎን ችግር ላይፈታው ይችላል። ዋናውን ፍንጭ ራስዎ ጽፈውልናል፦ «ሪስታርት» ይሠራል፣ «ሸት ዳውን» አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል አሠራር አለ። ይህ አሠራር ሲበራ ኮምፒዩተሩ «ሸት ዳውን» ሲባል የከፈቷቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል እንጂ የሲስተሙን እምብርት አይዘጋም፤ በዚያ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ሀርድ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጥና በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ አንብቦ ቶሎ ይነሣል። «ሪስታርት» ግን ሁሉንም ዘግቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዊንዶውስ 7 ዘመን ይህ አሠራር ስላልነበረ፣ የቆየ ላፕቶፕ ድራይቨሮች (ዊንዶውስን ከላፕቶፑ ክፍሎች ጋር የሚያግባቡ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ትእዛዙን በወጉ ላይቀበሉት ይችላሉ።

ስለዚህ ከኮንትሮል ፓናል ወደ «ፓወር ኦፕሽንስ» ይግቡ፤ በግራ በኩል የፓወር ቁልፎች ምን እንዲሠሩ የሚመረጥበትን መስመር ይክፈቱ። የ«ፋስት ስታርትአፕ» ሳጥን ደብዝዞ እምቢ ካለዎት፣ ከላይ ያለውን የጋሻ ምልክት ያለበትን መስመር መጀመሪያ ይጫኑ፤ ከዚያ ምልክቱን አንሥተው ያስቀምጡ። ላፕቶፑ ሲነሣ ጥቂት ሰከንዶች ይዘገያል፣ ሌላ የሚጎዳው ነገር የለም።

መብራቱ አሁንም ካልጠፋና ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ፣ ቀጥሎ የምንጠረጥረው «ኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን ኢንተርፌስ» የሚባለውን ድራይቨር ነው። ወደ ዊንዶውስ 10 ባደጉ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ላይ 11ኛው ቨርዥን ልክ እርስዎ የገለጹትን ችግር ሲያመጣ ታይቷል፤ ወደ 9ኛው ወይም 10ኛው ሲመለስ ይስተካከላል። «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ «ሲስተም ዲቫይስስ» በሚለው ሥር ያገኙታል። የሚተካውን ፋይል ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ፣ በሞዴሉ ስም ፈልገው ያውርዱ፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረውን የድራይቨር ጥቅል ግን አንመክርም።

እስከዚያው የፓወር ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማጥፋት ይቻላል፤ ሆኖም በየቀኑ አያድርጉት፣ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ፋይል ሊበላሽ ይችላልና። ከዚያ የተሻለው «ሺፍት»ን ይዞ «ሸት ዳውን» ማለት ነው፤ ለዚያ ጊዜ ብቻ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ያዝዘዋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ጥገና ቤቱ ይህን ነግሮዎት እንደነበር መጠየቅም ተገቢ ነው። ቦርሳ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ግን ለጊዜው መብራቱን አይተው፣ እጅዎን ማራገቢያው አጠገብ አድርገው ነፋስ አለመኖሩን ያረጋግጡ።